የማይታዘዝ ክንድ ሕመም

አማርኛችን ስለ ሕመም ሲናገር አድራጊውን አይጠራም። «እጄን አመመኝ» እንላለን። የታመምሁት እኔ ነኝ፤ ሕመሙ ያረፈበትም ስፍራ እጄ ነው፤ ያመመኝ ማን ወይም ምን እንደ ሆነ ግን ዓረፍተ ነገሩ ዝም ይላል። «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ» የምንላቸውም እንዲሁ ናቸው። ስሙ ያልተጠራ አንድ ነገር ይመጣና በሰውየው ላይ ይወድቃል፤ ሰውየው ተቀባይ ብቻ ነው። የሰዋስው መምህራን ይህን በሌላ መንገድ ያስረዱት ይሆናል። ለያዝነው ጉዳይ የሚበቃን ግን «አመመኝ» ያለ ሰው ስላደረገው ነገር ሳይሆን ስለ ደረሰበት ነገር መመስከሩ፣ ምስክሩም እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን ብቸኛ ምስክር የምናምነው መቼ ነው? ቁስሉ ከታየ፣ ደም ከፈሰሰ፣ አጥንቱ ከተሰበረ ወዲያው እናምነዋለን። ምንም ሳይታይ «አመመኝ» ሲልስ? ከዚያም በላይ፣ የሚያመኝ ይህ ነው ብሎ የሚያሳየን ክንድ እኛ «ሞቷል» ብለን የተውነው ክንድ ሲሆንስ? በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው የተያዘባቸውን ሰዎች በቅርብ ያየ ሁሉ ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል። በየቤቱ፣ በየማለዳው፣ ልብስ በሚለበስበትና ሰውነት በሚታጠብበት ሰዓት የሚነሣ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ አደጋ ነው፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ከሞት ወደ ተረፈ ሰው ቤት የሚሄድ ጠያቂ «እጁ ተንቀሳቀሰ ወይ? እግሩ ረገጠ ወይ? አንደበቱ ተፈታ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። «ያመዋል ወይ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። ሽባ የሆነ አካል አይሰማውም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ይሁን እንጂ በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዝዘው ክፍልና ስሜትን የሚቀበለው ክፍል አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ክንዱን ስንዝር ማንሳት ያልቻለ ሰው ሌላ ሰው ክንዱን ሲያነሣለት ሊጮኽ ይችላል። ጩኸቱንም ሰምተን «ይኸው መሰማት ጀመረለት፤ ደግ ምልክት ነው» ብለን ደስ ይለናል። ደስታችን ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ግን ከሕመምተኛው ሕመም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ለማመን ይረዳልና በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የትከሻ አንጓ በሰውነታችን ካሉት አንጓዎች ሁሉ ይበልጥ እንደ ልብ የሚዞር ነው፤ የነጻነቱ ዋጋም ጎድጓዱ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው። የክንድ አጥንት ራስ በቦታው የሚጸናው በአብዛኛው በዙሪያው ባሉ ጡንቻዎችና ጅማቶች ብርታት ነው። ስትሮክ እነዚህን ጡንቻዎች ሲያዝላቸው የክንዱ ክብደት ራሱ አጥንቱን ወደ ታች ይስበዋል፤ በትከሻው ጫፍ ሥር ጣት የሚያርፍበት ክፍተት ይገኛል። ሳምንታት ሲያልፉ ደግሞ በብዙዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የዛለው ጡንቻ ይገትራል፤ ክንዱ ከደረት ጋር ይጣበቃል፤ ጣቶች ይጨበጣሉ፤ አንጓውን የሸፈነው ከረጢት እየጠበበና እየደረቀ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እጅጌ ማስገባት እንኳ ጭንቅ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የእኛው ደግነት ይጨመርበታል። ሕመምተኛውን ከአልጋ ለማስነሣት በደካማው እጁ እንጎትተዋለን፤ ብብቱ ውስጥ ክንዳችንን አስገብተን እናንጠለጥለዋለን። ሐኪሞችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ደጋግመው ከሚከለክሉት ነገር አንደኛው ይህ ነው።

የወጌሻም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ወለም ያለውን በመመለስ፣ የተሰበረውን በማሰር አገር ያገለገሉ ብዙ ወጌሾች አሉ፤ ይህ ጸሐፊ ሙያቸውን የሚንቅ አይደለም። ነገር ግን በስትሮክ ምክንያት የወረደ ትከሻ ለዓይንም ለእጅም የወለቀ ይመስላል፤ ያልወለቀ ነው ግን። መቶ ጊዜ ቢመለስ የሚይዘው ጡንቻ እስካልበረታ ድረስ መቶ ጊዜ ይወርዳል፤ በመጎተቱም ጅማቱ ይቆስላል። ሕመምተኛው ሲጮኽ በዙሪያው የቆሙት «ቻለው፣ እየገባ ነው» ይሉታል። ለወለቀ ክንድ እውነት የሆነ ምክር ለዚህኛው ክንድ እውነት አይደለም። ስሕተቱ የጭካኔ ሳይሆን አንድን ሕመም በሌላ ሕመም ስም የመጥራት ነው።

ከትከሻው ሌላም አለ። አንዳንድ ጊዜ እጁ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ቆዳው ይወዛል፤ ጣቶቹን መንካት አይቻልም። የተያዘው ጎን ክብደት ስለማይሸከም አጥንቱ በወራት ውስጥ ይሳሳል፤ ሚዛኑን የሳተ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚያው በደካማው ጎን ነውና ከስትሮክ የተረፉ ሰዎች የዳሌ አጥንት ስብራት ከሌላው ሰው ይበልጥ ያሠጋቸዋል። ጉልበት ወደ ኋላ እየታጠፈ የሚራመድ ሰው ጉልበቱን ይቆረጥመዋል። ደህናው ጎንም የሁለት ጎን ሥራ ስለሚሠራ ያማል። ዱሮ የነበረ ቁርጥማትም በዚህ አጋጣሚ ይቀሰቀሳል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የመጨረሻው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ዴዠሪን እና ሩሲ የተባሉ ሁለት የፓሪስ ሐኪሞች፣ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በግማሽ ጎናቸው የማያባራ ሕመም እንደሚሰማቸው ገልጸው ጻፉ። እጁ አልቆሰለም፤ አንጓው አልደረቀም፤ አጥንቱም ደህና ነው። የተጎዳው ከእጁ መልእክት የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ነው። የአንሶላ ንክኪ እንደ እሳት ይለበልባል፤ ቀዝቃዛ ውኃ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ዛሬ ይህ ሕመም ከታላመስ ውጭ ባሉ የአንጎል ክፍሎች ጉዳትም እንደሚመጣ ይታወቃል። ከተራ ማስታገሻም ብዙ እርዳታ አያገኝም። ሰውየው «እጄን አቃጠለኝ» ይላል፤ እጁን እናገላብጣለን፤ ምንም የለም። «ምንም የለም» ስንል ያላገኘነው ቁስሉን ነው፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

ፈላስፋው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው «ሜዲቴሽንስ» በተባለው መጽሐፉ፣ ነፍስ በሥጋ ውስጥ ያለችው መርከበኛ በመርከቡ ውስጥ እንዳለ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሕመምን ምሳሌ ያደርጋል። መርከቡ ሲሰበር መርከበኛው ስብራቱን በዓይኑ ያያል እንጂ አያመውም፤ እኛን ግን ሰውነታችን ሲጎዳ ያመናል። ነፍስና ሥጋን እንደ ሁለት ነገር የለየ አሳቢ ተብሎ የሚነቀፈው ሰው፣ ሕመም ዘንድ ሲደርስ ሁለቱ እንዴት እንደ ተጣበቁ መናገር ግድ ሆኖበታል። ይህን ምሳሌ በስትሮክ ክንድ ላይ አድርገን እንየው። ሰውየው ክንዱን ያዝዛል፤ ክንዱ አይታዘዝም። ጭኑ ላይ ያረፈውን እጁን እንደ ባዕድ ዕቃ ይመለከታል፤ በሌላው እጁ አንሥቶ ወደዚያ ያኖረዋል። ከሕመምተኞቹ መካከል ሽባነታቸውን ጨርሶ የማያውቁ መኖራቸውን ባቢንስኪ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1914 ስም አውጥቶለታል፤ «ይህ እጅ የእኔ አይደለም» የሚሉም አሉ። እንግዲህ ፈቃድ ከክንዱ ተለይቷል፤ መርከበኛውና መርከቡ ተለያይተዋል ማለት ነው። ሆኖም ክንዱ ሲነካ የሚጮኸው ያው ሰው ነው። ክንዱ የእሱ መሆኑን የሚመሰክርለት የቀረው ነገር ሕመሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ምስክርነት ስንክድበት «አታምህም» ማለታችን ብቻ አይደለም፤ «ያንተም አይደለችም» እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንክዳለን? አንዳንዶች ጉዳዩ የዕውቀት ነው ይላሉ። የሌላውን ሕመም ማየት አይቻልም፤ የማይታየውን መጠራጠር ተፈጥሮ ነው። ኢሌን ስካሪ የተባለችው አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ስለ ሕመም በተጻፈ መጽሐፏ ይህን ነጥብ አጥብቃ ትከራከርበታለች፤ ለታማሚው ከሕመሙ የበለጠ እርግጥ ነገር የለም፣ ለሰሚው ደግሞ ከሌላ ሰው ሕመም የበለጠ የሚያጠራጥር የለም ባይ ናት። ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይመስለኝም። የምንወደው ሕፃን በሌሊት ሲያለቅስ ማስረጃ አንጠይቅም። የጎረቤታችን ላም ስታነክስ እንኳ «ታስመስላለች» የሚል የለም። ጥርጣሬ የሚነሣው ማመን ዋጋ በሚያስከፍልበት ስፍራ ነው። አባቴን ትከሻቸውን እንደሚያማቸው ካመንሁ በሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ማገላበጥ፣ ትራስ መደገፍ፣ ከሥራ ቀርቼ ሐኪም ዘንድ መውሰድ፣ ገንዘብ መፈለግ ይኖርብኛል። «ዱሮም ቅብጥ ናቸው» ካልሁ ግን እተኛለሁ። ብዙ ጊዜ የማናምነው ማወቅ ስላልቻልን ሳይሆን ማወቁ ስለሚያስገድደን ነው።

ቪትገንሽታይን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው ዋና የፍልስፍና መጽሐፉ ውስጥም ወደዚህ የሚያመራ አሳብ አለ። የሌላው ሰው ሕመም ከምልክቶች ተነሥተን የምንደርስበት መላ ምት አይደለም፤ በዚያ ሰው ፊት የምንቆምበት አኳኋን ነው። እጁን የጎዳ ሰው ስናጽናና ዓይን ዓይኑን እንጂ እጁን አናይም ይላል፤ ይህ ለእኔ ከብዙ ክርክር ይበልጣል። የሕመምን ትርጉም የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ትርጉሙን ሲያድስ፣ አንድ ሰው ያመኛል ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባው፣ መናገር አለመቻልም አለመታመምን እንደማያሳይ አክሎበታል። ሳይንሱ በመጨረሻ የደረሰው ነርሶች ቀድመው ወደ ደረሱበት ነው፤ ማርጎ መካፈሪ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሕመም ማለት ታማሚው ሕመም ነው የሚለው ነው ብላ ጽፋ ነበር።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ተረቱ በሽተኛው መናገር እንደሚችል፣ ሰሚውም እንደሚገባው አስቀድሞ ተቀብሏል። ስትሮክ ግን ከብዙዎች ላይ ቃልን ይወስዳል። ከአገር ርቀን በምንኖር በእኛ ላይ ደግሞ ሌላ ድርብርብ አለ።

ናይሮቢ የምትኖር አንዲት ሴት አውቃለሁ። አባቷ ሊጠይቋት መጥተው ሳለ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ተያዘ። አንደበታቸው ቀስ እያለ ቢመለስም ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ቤት እየመጣች የምታሠራቸው ኬንያዊት ባለሙያ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ ልጅቱ ታስተረጉማለች። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ትከሻቸውን እያሳዩ «ይቆረጥመኛል» ይላሉ። ማታ ማታ ደግሞ መዳፋቸውን እያሳዩ «ይለበልበኛል» ይላሉ። ልጅቱ ሁለቱንም «ፔይን» ብላ ታልፋለች፤ በስዋሂሊ ስትሞክርም «ማኡሚቩ» ትላለች። ሁለቱም ሕመም ማለት ናቸው፤ ውሸት የለበትም። ከወር በላይ እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ባለሙያዋ «አባትሽ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ቃል ነው?» ብላ ስትጠይቃት ነው ልጅቱ ቆም ብላ ያሰበችው። አንድ ቃል አልነበረም። ቁርጥማቱ ክንዱ ሲነሣ የሚመጣ የአንጓ ሕመም ነው፤ ልብለባው ግን ማንም ሳይነካቸው፣ አንሶላ ብቻ ሲያርፍባቸው የሚመጣ ነው። ይህ ለሐኪም ከተነገረ በኋላ ለሁለተኛው ሌላ ዓይነት መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ለመጀመሪያው ደግሞ የአያያዝና የአሠራር ለውጥ ተደረገ።

ሮናልድ ሜልዛክ የተባለው ካናዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ሕሙማን ለሕመማቸው የሚሰጧቸውን ቃላት በየወገኑ አሰልፎ መጠይቅ ያዘጋጀው ቃሉ ወደ ምክንያቱ ሊመራ እንደሚችል ስለ ተረዳ ነው። አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ይወጋኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይሰረስረኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይለበልበኛል፤ አያቶቻችን እነዚህን ለጌጥ አልፈጠሯቸውም። ስደት ላይ የምናድጋቸው ልጆች ግን ከእነዚህ ስንቱን ያውቃሉ? «ያማል» ከሚለው አንድ ቃል በቀር ሌላ የሌለው ልጅ እናቱን ሊያስተረጉም ሆስፒታል ሲቆም፣ የሚጠፋው ሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም።

ማመን ከተባለ በኋላ ግን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። አምኜ ምን ላድርግ? ክንዱን ባንቀሳቅሰው ያመዋል፤ ባላንቀሳቅሰው ደግሞ አንጓው ይደርቅና ነገ ይበልጥ ያመዋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው «ካላመመው አይድንም» የሚል ነው። ሕመምን የመዳን ቀረጥ አድርጎ ያየዋል፤ ቀረጡ በበዛ ቁጥር ዕቃው የሚበዛ ይመስለዋል። ይህ አሳብ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ መራራ መድኃኒት የሚሠራ፣ የማያሳምም መርፌ የማይረባ ይመስለናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከላይ በተሰቀለ መዘውር ገመድ እየጎተቱ የተያዘ ክንዳቸውን እንዲያነሡ የተደረጉ ሕሙማን፣ በባለሙያ እጅ በዝግታ ከተንቀሳቀሱት ይልቅ እጅግ በዝተው የትከሻ ሕመም እንደ ጀመራቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ በአምስት አገሮች ከ2000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናትም፣ ከስትሮክ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አንሥቶ አብዝቶ ማንቀሳቀስ እንደ ታሰበው አልጠቀመም፤ ከሦስት ወር በኋላ በጥሩ ሁኔታ የተገኙት ሰዎች በዚህኛው ወገን አንሰው ተገኙ። እንቅስቃሴ ይጠቅማል፤ ይህን የሚክድ የለም። ጥቅሙ ግን በጩኸት መጠን አይለካም።

ሁለተኛው ሰው ርኅሩኁ ነው። አባቱ «ተወኝ» ሲሉት ይተዋቸዋል። ፈቃዳቸውን ማክበሩ ይመስለዋል። ከስድስት ወር በኋላ ክንዳቸው እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ሲቀር ያለቅሳል። የዚህኛውን ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ ለመውቀስ እንፈራለን፤ ደግ ነውና። ነገር ግን «ያመዋል» ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፣ «ስለዚህ አልነካውም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ምስክሩን ማመን ፍርዱንም ለምስክሩ መስጠት አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን በአሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ሽማግሌው እኮ አባት ናቸው። ትናንት ልጅቱ ፊታቸው ቀና ብላ የማታያቸው፣ እርስዎ ብላ የምትጠራቸው፣ ሲገቡ የምትነሣላቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ክንዳቸውን ይዛ ታነሣለች። «አባባ፣ ትንሽ ብቻ፤ ከዚህ አላሳልፍም» ትላቸዋለች። «ተይኝ ልጄ» ይሏታል። ትዕዛዝ ነው ወይስ ልመና? አባት ልጁን ሲለምን መስማት ለእሷ ከጩኸቱ ይከብዳት እንደ ነበር ነግራኛለች። በስትሮክ ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ ይህ ሥርዓት ነው፤ በሕክምና ወረቀት ላይ የሚጽፈው የለም።

ባለሙያዋ ያመጣችው መፍትሔ ቀላል ነበር። ሽማግሌው በደህናው ግራ እጃቸው የልጃቸውን እጅጌ እንዲይዙ አደረገች። ሲበቃቸው እጅጌዋን ይስባሉ፤ እሷም ወዲያው ትቆማለች፤ ያለ ክርክር፣ ያለ «ትንሽ ይቀራል»። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ሳይነካቸው ይስቡ ነበር። እሷም ትቆማለች። ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ መሳቡን እያዘገዩት ሄዱ፤ ክንዳቸውም ቀድሞ ከማይደርስበት ደረሰ። ሕመሙ ቀንሶ ነው ወይስ ልኩን የሚወስኑት እሳቸው በመሆናቸው? ሁለቱም ይመስለኛል። ሌላ ሰው በእኛ ላይ የሚያደርሰው ሕመምና እኛ ደጁን ከፍተንለት የሚገባ ሕመም በነርቭ መንገድ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሰውየው ሕይወት ውስጥ ግን አንድ አይደሉም።

ፈቃድን ሳይነኩ ማስገደድ የሚቻልበት ሁኔታም አለ። በስትሮክ የደከመው እጅ ሥራ እንዲለምድ ደህናውን እጅ በጓንት አስሮ ማቆየት የሚባል ሕክምና አለ። ሕመምተኛው ከነቃበት ሰዓት አብዛኛውን ደህና እጁ ታስሮ፣ ለሁለት ሳምንት በደካማው ብቻ ለመሥራት ይታገላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በ222 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ጥቂት እንቅስቃሴ ለቀረላቸው መጥቀሙ ታይቷል። የሕክምናው ሥር ግን ኤድዋርድ ታውብ የተባለው ተመራማሪ የክንድ የስሜት ነርቮቻቸው በተቆረጡ ዝንጀሮዎች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው፤ በዚያም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1981 በሜሪላንድ ፖሊስ ቤተ ሙከራውን በርብሮ ዝንጀሮዎቹን ወሰደ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ሕመምተኛው ጓንቱን በገዛ ፈቃዱ ያጠልቃል፤ እንስሳቱ ግን አልተጠየቁም። የዛሬው መዳን የትናንቱን ስቃይ ያጸድቀዋል የሚለውን ክርክር እዚህ ላይ አልፈታውም፤ ሆኖም «ውጤቱ ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው እጅጌ መያዝም ባላስፈለገ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሕመም የእግዚአብሔር ነገር ነው። ጠያቂ ሲገባ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላል፤ ሙስሊሙም «አላህ ያሽርዎ» ይላል። መማር ማለት ከሕመም መዳንም ከበደል ይቅር መባልም ነው፤ ቋንቋው ሁለቱን ሳይለይ አኑሯቸዋል። ከዚህ የተነሣ ታማሚው ሕመሙን እንደ ፈተና፣ እንደ ንስሐ ሊቀበለው ይችላል፤ ይህ መብቱ ነው፤ ብዙዎችንም አጽንቷቸዋል። ኢዮብን የማያውቅ የለም፤ በቁርዓንም አዩብ የትዕግሥት ምሳሌ ነው። ግን የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ያደረጉትን ልብ ይሏል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። የተወቀሱት አፋቸውን ከፍተው ሕመሙን ሊያስረዱት በሞከሩ ጊዜ ነው። «ቻለው፣ ፈተና ነው» የሚለውን ቃል ታማሚው ለራሱ ሲለው ጸሎት ነው። አስታማሚው ማስታገሻውን ለመግዛት እየሰነፈ ሲለው ግን ሌላ ነገር ነው። ትዕግሥትን በሌላ ሰው ሰውነት ላይ መለገስ አይቻልም።

ቻይነትን የምናደንቅ ሕዝብ ነን፤ በዚህም ምክንያት የሚጎዱ አሉ። የማያቃስተው ሽማግሌ «ጀግና» ተብሎ ይወደሳል፤ በዚያው ልክ ስብራቱ ሳይታወቅ ይሰነብታል። የአጥንቱ መሳሳት በሚያሠጋ ሰው ላይ ይህ ምስጋና አደገኛ ነው። ወድቀው በማግሥቱ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብቻ ነው» የሚሉ አባቶችን ቃላቸውን እንመን ብንል፣ ከላይ የተናገርነውን መልሰን ማፍረሳችን ነውን? አይመስለኝም። ያመኛል የሚለው ሰው የሚመሰክረው ስለሚሰማው ነገር ነው፤ አያመኝም የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ክብሩና ለልጁ ሸክም ላለመሆን ስላለው ምኞት ነው። ሁለቱ ቃላት እኩል አይመዘኑም። ለመጀመሪያው ማመን ይበቃል፤ ለሁለተኛው ሲራመዱ ዓይንን ከእግራቸው አለመንቀል ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ። ሕመምተኛን በየቀኑ የሚያነሣ፣ የሚያገላብጥ፣ የሚደግፍ ሰው ራሱ ይታመማል። በየቤቱ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ልጅ፣ ሚስት፣ ምራት፣ የቤት ሠራተኛ። ወገባቸውን፣ አንጓቸውን ያማቸዋል። የእነሱን «አመመኝ» የሚሰማ የለም፤ ከአልጋው ላይ ካለው ሰው ሕመም ጋር ሲነጻጸር አፍ ማስከፈት የሚገባው አይመስልም፤ ራሳቸውም አይናገሩትም። ያቺ የናይሮቢ ሴት ወገቧን በነጠላ ጠፍራ አስራ ነበር አባቷን የምታነሣው። ከእኛ ከጠያቂዎቹ አንዳችንም ምን ሆነሽ ነው አላልናትም፤ አስተሳሰሯ የቤት ሥራ መስሎናል። የጠየቋት ሽማግሌው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ክንዳቸው ሊነሣ ሲል እጅጌዋን ሳቡ፤ «አመመዎ አባባ?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ነጠላው ጠቆሙ። የዚያን ቀን ሥራ ሳይሠራ ቀረ፤ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል የሄደችው እሷ ናት።